የዓይን ጠብታና የአስም ትንፋሽ፦ ከድሬዳዋ የተመዘገበ አንድ ጉዳይ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

አስም ያለበት ሰው ቬንቶሊን (የሚነፋ ሳልቡታሞል፣ የአየር ቧንቧ የሚያላላ መድኃኒት) ነፍቶ ነፍቶ አልሻለው ሲል አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ነገር ይጠረጠራል፦ አነፋፉ ተሳስቷል፣ ቆርቆሮው አልቋል፣ ወይም ቤቱ ውስጥ የሚቀሰቅስበት ነገር አለ። ሦስቱም በየቀኑ የሚያጋጥሙ ናቸው። እዚህ የቀረበው ታካሚ ላይ ግን ሦስቱም ተፈትሸው መልስ አልሆኑም። ቬንቶሊኑ የሚያርፍበትን ቦታ ሌላ መድኃኒት ቀድሞ ይዞታል፤ ያ መድኃኒት የሚገባውም በዓይን ነበር። ነገሩ እስኪታወቅ ሁለት ወር ተኩል ፈጅቷል። የታካሚውም ሆነ የሕክምና ተቋማቱ ስም አልተጻፈም።

ታካሚው

ስልሳን ጥቂት ያለፉ፣ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ፣ ድሬዳዋ ከቤተሰባቸው ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። አስም ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው አለ፤ ሆኖም ለዓመታት ረግቶ ነበር። ቬንቶሊን በወር አንዴ ወይም ሁለቴ ቢነፉ ነው። በአንድ ፓፍ 100 ማይክሮግራም የሚሰጥ ቤክሎሜታዞን (የአየር ቧንቧ እብጠት የሚያበርድ የሚነፋ መድኃኒት) ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ፓፍ ታዞላቸዋል፤ ሲሻላቸው ይተዉታል፣ አቧራ ሲበዛ ይጀምሩታል። ሲጋራ አያጨሱም። ከሰዓት በኋላ ግን በር በተዘጋ ክፍል፣ ዕጣን እየጨሰ ጫት ይቅማሉ። ይህች የመጨረሻዋ ዝርዝር በኋላ ብዙ ሰው አሳስታለች።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ መነጽር ሊቀይሩ አንድ የዓይን ክሊኒክ ሄዱ። የዓይን ግፊታቸው ቀኝ 28፣ ግራ 26 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሆኖ ተገኘ፤ እንደ ተለመደ የሚወሰደው ከ10 እስከ 21 ነው። የዓይን ነርቩም መጎዳት ጀምሮ ስለነበር ግላኮማ ተባለ። ቲሞሎል 0.5 በመቶ በሁለቱም ዓይን ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ ታዘዘ። «ሌላ በሽታ አለብህ?» ሲባሉ «የለብኝም» ብለዋል። አልዋሹም። በሳቸው አነጋገር በሽታ ማለት አልጋ ላይ የሚያስተኛ ነገር ነው፤ አስሙ ደግሞ ካስተኛቸው ቆይቷል። «ስኳር? ግፊት? አስም?» ተብሎ በየስሙ ቢጠየቁ ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር።

ሁለት ወር ተኩል

ጠብታው በተጀመረ በአምስተኛው ቀን ሌሊት ሳል መጣ። በዘጠነኛው ቀን ደረታቸው ሲር ሲር እያለ ጤና ጣቢያ ሄዱ። ጉንፋን ያስነሳው አስም ተብሎ አሞክሲሲሊንና አዲስ ቬንቶሊን ተሰጣቸው። ከአሥር ቀን በኋላ ተመለሱ፤ አሁን ፕሬድኒሶሎን የተባለ ስቴሮይድ 40 ሚሊ ግራም ለአምስት ቀንና 4 ሚሊ ግራም የሳልቡታሞል ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ተጨመረ። ለመጠን ግምት እንዲረዳ፦ አንድ 4 ሚሊ ግራም ክኒን በክብደት ከ40 ፓፍ ቬንቶሊን ጋር እኩል ነው፤ ሆኖም ሳንባ ላይ የሚደርሰው ሰውነትን ሁሉ ዞሮ ስለሆነ ጥቅሙ ከፓፍ ያንሳል፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ይበዛል። በሦስተኛው ጉብኝት ሁለተኛ ዙር ፕሬድኒሶሎን ታዘዘ።

በዚህ መሐል ለዓይን ክትትል ሲሄዱ ግፊቱ ቀኝ 27፣ ግራ 27 ነበር። «ጠብታውን ሳታጓድል ጨምር» ተባሉ። እሳቸው ይህን «አብዝተህ ጨምር» ብለው ሰሙና ከዚያ ቀን ጀምሮ በአንድ ጊዜ ሁለት ሁለት ጠብታ ማድረግ ጀመሩ።

ቤተሰቡ በበኩሉ የቻለውን ሁሉ ሞከረ። ዕጣኑ ቆመ፣ የከሰል ምድጃው ወደ ግቢ ወጣ፣ የጫት ክፍሉ መስኮት ተከፈተ፣ ቀጥሎ ጫቱም ቀረ። የግንቦት ሙቀትና ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ የሚነሳው አቧራ ነው ተብሎ ሐረር እህታቸው ቤት ተላኩ፤ ሐረር ከድሬ በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። እዚያ አሥር ቀን ቆይተው ብሶባቸው ተመለሱ። ከዚያ አንድ ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ገብተው ሁለት ሌሊት አደሩና በጣም ተሻላቸው። ቤት በገቡ በሦስተኛው ቀን ግን እንደገና ተነሣባቸው።

ይህ የመሻልና የመባስ አካሄድ ለሁሉም «ቤቱ ነው» የሚል መሰለ። ግን ሐረርም ብሶባቸዋል። ሐረር ሲሄዱ ጠብታውን ይዘው ነበር፤ ሆስፒታል ሲገቡ ደግሞ በጥድፊያ ቤት ረስተውታል። ይህ የታወቀው በኋላ ነው።

ካርዱ ላይ የነበረው ቁጥር

በአራተኛው ጉብኝት የተረኛው ሐኪም ትኩረት ያረፈው የልብ ምቱ ላይ ነው። ታካሚው በደቂቃ 28 ጊዜ ይተነፍሳሉ፣ ኦክስጅናቸው 91 በመቶ ነው፣ ዓረፍተ ነገር ሳይጨርሱ ትንፋሽ ያቋርጣሉ፣ በዚያ ቀን ብቻ ከ10 ፓፍ በላይ ቬንቶሊን ነፍተዋል። የልብ ምታቸው ግን 58 ነው።

ይህ አይገጥምም። ትንፋሽ ያጠረው፣ የፈራ፣ ያውም ሳልቡታሞል በብዛት የወሰደ ሰው ልቡ 100 እና 120 ሊመታ ይገባል። እጁም ይንቀጠቀጣል። እሳቸው እጃቸውን ሲዘረጉ ጣታቸው ጸጥ ያለ ነበር። ካርዱ ወደ ኋላ ሲገለጥ የቀደሙት ሦስት ጉብኝቶች የልብ ምት 60፣ 58 እና 62 ተብሎ በንጹሕ ጽሑፍ ሰፍሯል። ቁጥሩ «የተለመደ» ክልል ውስጥ ስለሆነ ማንም አላሰመረበትም። በጤነኛ ሰው ላይ የተለመደ የሆነው 60 በአስም ጥቃት ላይ የተለመደ አይደለም።

የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ ተነሣ፤ ምቱ ዘገምተኛ ከመሆኑ በቀር የመስመር መዘጋት የለም። እግር አላበጠም፣ የደረት ራጅ የልብ ድካም አያሳይም። የቀረው ጥያቄ ልቡንም የአየር ቧንቧውንም ባንድ ጊዜ የያዘ መድኃኒት አለ ወይ የሚለው ሆነ።

ፌስታሉና የደረት ኪሱ

ልጃቸው መድኃኒቱን ሁሉ በፌስታል ይዛ እንድትመጣ ተነገራት። ፌስታሉ ውስጥ ሁለት ቬንቶሊን (አንዱ ባዶ)፣ ቤክሎሜታዞን፣ ሳልቡታሞል ክኒን፣ የተረፈ አሞክሲሲሊንና ፓራሲታሞል ተገኘ። ቤታ ብሎከር ከሚባሉት፣ ልብን ከሚያዘገዩት መድኃኒቶች ፕሮፕራኖሎል የለም፣ አቴኖሎል የለም። ፍለጋው እዚህ ሊያበቃ ምንም አልቀረውም ነበር።

ፋርማሲስቷ ግን ጥያቄውን በአካል ክፍል ከፋፍላ ደገመችው። «አባባ፣ ቆዳህ ላይ የምትቀባው አለ? አፍንጫህ ውስጥ? ዓይንህ ውስጥ?» (ድሬ ውስጥ አንቱታ ብዙም ስለማይዘወተር «አንተ» መባባል ንቀት አይሆንም፤ እንዲያውም እንዲህ ያለውን ጥያቄ ያቀለዋል።) ታካሚው እጃቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው ከተው ቢጫ ክዳን ያላት ትንሽ ብልቃጥ አወጡ። «አቦ፣ ይቺ እኮ ጠብታ ናት፤ መድኃኒት አይደለችም።»

ብልቃጧ ላይ ቲሞሎል 0.5 በመቶ ይላል።

ጡንቻው ላይ የሆነው

የአየር ቧንቧ በለስላሳ ጡንቻ ተከብቧል። ጡንቻው ሲኮማተር ቧንቧው ይጠባል፤ ግማሽ ሬዲየስ የጠፋበት ቱቦ አየር በጸጥታ በሚፈስበት ስሌት 16 እጥፍ የበለጠ ይገታል። ስለዚህ ጥቂት መጥበብ ብዙ ትንፋሽ ያሳጣል።

የሚያኮማትረው ዋናው ትእዛዝ በቬገስ ነርቭ ይመጣል። ነርቩ አሴቲልኮሊን የተባለ ኬሚካል ይለቃል፤ አሴቲልኮሊኑ ጡንቻው ላይ ባለው ኤም 3 ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ሴሉ ውስጥ ካልሲየም ይጨምራል፣ ጡንቻው ይጨመደዳል። የሚያላላው ደግሞ ቤታ 2 ተቀባይ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፦ የሰው የአየር ቧንቧ ጡንቻ የሚያላላው የራሱ ሲምፓቴቲክ ነርቭ የለውም ማለት ይቻላል። ቤታ 2 ተቀባዩ ተሞልቶ ተቀምጦ የሚጠብቀው ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ በደም የሚመጣውን አድሬናሊን ነው። አድሬናሊን ወይም ሳልቡታሞል ሲደርስለት ሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለ መልእክተኛ ኬሚካል ይበዛል፣ ካልሲየም ይቀንሳል፣ ጡንቻው ይላላል። የሳልቡታሞል ፓፍ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መሥራት ጀምሮ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት የሚቆየው በዚህ መንገድ ነው።

ቲሞሎል ልብ ላይ ያለውን ቤታ 1ንም ቤታ 2ንም ይዘጋል። ዓይን ውስጥ የሚፈለገው ውጤት የዓይን ፈሳሽ እንዲቀንስ ማድረግ ነው፤ ያን በደንብ ይሠራል። ችግሩ የተረፈው የሚሄድበት ቦታ ነው። አንድ ጠብታ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ይሆናል፤ ዓይን ግን ቢሞላ 30 ማይክሮ ሊትር ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። የተረፈው በእንባ ቦይ ወደ አፍንጫ ይወርድና ከአፍንጫው ሽፋን በቀጥታ ወደ ደም ይገባል። ከጠብታው እስከ 80 በመቶው ደም ውስጥ ሊደርስ ይችላል። በአፍ የተዋጠ ክኒን መጀመሪያ ጉበት ውስጥ አልፎ ይቀነሳል፤ በአፍንጫ የገባው ግን ጉበቱን ሳይነካ ልብና ሳንባ ላይ ይደርሳል።

በቁጥር ሲታይ፦ 0.5 በመቶ ማለት በአንድ ሚሊ ሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው። 50 ማይክሮ ሊትር ጠብታ 0.25 ሚሊ ግራም ይይዛል። እንደታዘዘው በቀን አራት ጠብታ ቢሆን 1 ሚሊ ግራም ነበር። ታካሚው ስምንት ጠብታ ሲያደርጉ 2 ሚሊ ግራም ሆነ። ለደም ግፊት በክኒን ከሚሰጠው ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ግን የአስም ሰው ቧንቧ በአድሬናሊን ተደግፎ የቆመ ስለሆነ ድጋፉን ለመንሣት ብዙ አይጠይቅም። ድጋፉ ሲነሣ አሴቲልኮሊን ብቻውን ይቀራል።

ቬንቶሊኑ ያልሠራውም በዚሁ ነው። ሳልቡታሞልና ቲሞሎል የሚሻሙት አንድ መቀመጫ ነው። መጠኑ ሲበዛ ሳልቡታሞሉ በከፊል ይገፋል፤ ለዚህ ነው 10 ፓፍ ጥቂት ያስተነፍሳቸው የነበረው። የእጅ መንቀጥቀጥም የቤታ 2 ሥራ ስለሆነ እሱም ጠፍቷል። ልቡ ቤታ 1 ስለተዘጋበት አልፈጠነም። ሦስቱ ምልክቶች አንድ ምንጭ ነበራቸው።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። የቲሞሎል ጠብታ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው፤ አስም ላለበት ሰው እንደማይሰጥና በትንፋሽ መዘጋት ሞት መድረሱን የመድኃኒቱ ማብራሪያ ወረቀት ራሱ ይናገራል። ያ ወረቀት ብዙውን ጊዜ ከካርቶኑ ጋር ቅርጫት ውስጥ ይገባል።

በዚያ ቀን የተደረገው

በፒክ ፍሎ ሜትር (ትንፋሽ ሲወጣ ያለውን ፍጥነት በሚለካ መሣሪያ) የተለካው በደቂቃ 210 ሊትር ነበር፤ ታካሚው ደህና በነበሩበት ዘመን 420 ይነፉ እንደነበር ካርዳቸው ላይ አለ። በስፔሰር (ፓፉ ተረጭቶ ወደ ውስጥ በሚሳብበት ባዶ ዕቃ) ስድስት ፓፍ ሳልቡታሞል፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ እንደገና ስድስት ሲሰጥ ወደ 230 ብቻ ወጣ። ከዚያ ስምንት ፓፍ ኢፕራትሮፒየም (እያንዳንዱ 20 ማይክሮግራም) ተጨመረ። ኢፕራትሮፒየም የሚሠራው በሌላ በር፣ በኤም 3 ላይ አሴቲልኮሊንን በመከልከል ስለሆነ ቲሞሎሉ አያግደውም። ከ40 ደቂቃ በኋላ 280 ሆነ። በደም ሥር በ20 ደቂቃ የሚሰጥ 2 ግራም ማግኒዥየም ሰልፌት ተዘጋጅቶ ነበር፤ እሱም ቤታ ተቀባይን አይጠይቅም። አላስፈለገም።

ግላኮማ ላለበት ሰው ኢፕራትሮፒየም ሲሰጥ አንድ ጥንቃቄ አለ። መድኃኒቱን ጭጋግ በሚያደርግ ኔቡላይዘር በጭምብል ከተሰጠ ጭጋጉ ከጭምብሉ አናት እያመለጠ ዓይን ውስጥ ይገባል፤ የዓይኑ ማዕዘን ጠባብ ከሆነ ግፊቱን በድንገት ሊያንረው ይችላል። ስለዚህ በአፍ በሚያዝ ስፔሰር ተሰጠ።

ፋብሪካ የሠራው ስፔሰር ስላልነበረ ግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ ጥቅም ላይ ዋለ። አሠራሩ ይህን ይመስላል። የኢንሄለሩ አፍ ጠርሙሱ ቂጥ ላይ ተደግፎ ዙሪያው በእስክሪብቶ ይሰመራል። ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውስጥ በጋለ ሽቦ ወይም በምላጭ ይቆረጣል፤ ቀዳዳው ከጠበበ ይሰፋል፣ ከሰፋ ግን አየር ያስወጣል። ኢንሄለሩ ተሰክቶ ዙሪያው በፕላስተር ይታሸጋል። ጠርሙሱ በፈሳሽ ሳሙና ታጥቦ ሳይለቀለቅና ሳይወለወል ተዘቅዝቆ ይደርቃል፤ በጨርቅ የተወለወለ ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ ስለሚይዝ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስበዋል። በአንድ ጊዜ አንድ ፓፍ ብቻ ይረጫል፣ ታካሚው በጠርሙሱ አፍ በኩል አራት አምስት ጊዜ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፣ ኢንሄለሩ ይነቀነቃል፣ ከዚያ ቀጣዩ ይረጫል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት እንዲህ የተዘጋጀ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከተገዛ ስፔሰር እንደማይተናነስ አሳይቷል። ሁለት ፓፍ ባንድ ላይ መርጨት የተለመደ ስህተት ነው፤ ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ይከብዱና ጠርሙሱ ላይ ይቀራሉ።

ፕሬድኒሶሎን 40 ሚሊ ግራም ለሰባት ቀን ተጀመረ። ስቴሮይድ የዓይን ግፊት ሊጨምር እንደሚችል እየታወቀም ቢሆን ያን ቀን ትንፋሹ ይቀድም ነበር።

ዓይኑስ?

ቲሞሎሉ ወዲያው ቆመ፤ ግን «አቁም» ብሎ መላክ አይቻልም ነበር። ግላኮማ ሳያም ነው የሚያሳውረው። በዚያው ሰዓት ለዓይን ክሊኒኩ ስልክ ተደወለ። አማራጮቹ አንድ በአንድ ሲታዩ እያንዳንዱ የራሱ ጣጣ ነበረው።

ፒሎካርፒን ርካሽና የሚገኝ ነው፤ ነገር ግን የሚሠራው እንደ አሴቲልኮሊን ሆኖ ስለሆነ ወደ ደም ከገባ ያንኑ ኤም 3 ተቀባይ ሊያነሣሣ ይችላል። ተተወ። አሴታዞላሚድ ክኒን 250 ሚሊ ግራም በቀን ሦስት ጊዜ እንደ መሸጋገሪያ ተመረጠ። ይህ ፖታሲየም ያስወጣል፤ ሳልቡታሞልም ፕሬድኒሶሎንም እንዲሁ ፖታሲየም ያወርዳሉ፤ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ልብ ላይ አደጋ አለው። በሦስተኛው ቀን ሲለካ 3.2 ሆኖ በመገኘቱ የፖታሲየም ክኒን ተጨመረ፣ የሳልቡታሞል ክኒኑ ቆመ። ታካሚው ጣቴ ይነዝረኛል፣ አምቦ ውሃም ጣዕሙ ሞተብኝ ብለዋል፤ ሁለቱም የአሴታዞላሚድ የታወቁ የጎንዮሽ ጉዳቶች ናቸው፣ የጋዝ መጠጥን ስሜት ያጠፋል።

ዘላቂው ምርጫ ላታኖፕሮስት ሆነ፦ ማታ ማታ በእያንዳንዱ ዓይን አንድ ጠብታ። ከቤታ ተቀባይ ጋር ግንኙነት የለውም። እሱም ቢሆን ከባድ አስም ላለበት ሰው በጥንቃቄ ይሰጣል ስለሚባል መጀመሪያ ትንፋሹ እስኪረጋ ተጠበቀ፣ ሲጀመርም ፒክ ፍሎው ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ተለካ።

ቲሞሎሉ በቆመ በአራተኛው ቀን ሌላ ነገር ታየ። ታካሚው አራት ፓፍ ቬንቶሊን ነፍተው ትንሽ ቆይተው የሻይ ብርጭቆ ሲያነሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ሻዩ ፈሰሰ። ቤተሰቡ ደንግጦ ደወለ። ለሐኪሙ ግን ዜናው መልካም ነበር፦ ቤታ 2 ተቀባዩ ተለቋል። መጠኑ ወደ ሁለት ፓፍ ተቀነሰ። በዚያ ቀን ፒክ ፍሎው 320፣ የልብ ምቱ 84 ነበር። በዘጠነኛው ቀን 380 ደረሰ።

ያልተሳካው

በሁለተኛው ሳምንት ፒክ ፍሎው ከ380 ወደ 300 በአራት ቀን ውስጥ ወረደ። የዕለት መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ይህ እስከሚቀጥለው ድንገተኛ ክፍል አይታወቅም ነበር።

ላታኖፕሮስቱ እስኪገኝ ድረስ የዓይን ሐኪሙ ዶርዞላሚድ ጠብታ ጽፎ ነበር። ማዘዣው የደረሰው መድኃኒት ቤት ዶርዞላሚድ ብቻውን አልነበረውም፤ «ያው ነው፣ እንዲያውም ይጠነክራል» ተብሎ ዶርዞላሚድና ቲሞሎል የተቀላቀሉበት ብልቃጥ ተሰጠ። ቲሞሎሉ 0.5 በመቶ ነው፤ ማለትም የተወገደው መድኃኒት በሌላ ስም ተመልሶ ገባ። ቤተሰቡ «ቲሞሎል» የሚለውን ስም ያውቃል፣ ግን ብልቃጡ ላይ በትልቁ የታተመው የንግድ ስሙ ነው፤ የይዘቱ ስም ከሥሩ በደቃቁ አለ። ልጃቸው የብልቃጡን ፎቶ ለፋርማሲስቷ ስትልክ ነው የተያዘው። ስህተቱ የማንም ክፋት የለበትም። ማዘዣው ላይ «ያለ ቲሞሎል፤ አስም አለበት» የሚል አንድ መስመር ቢኖር ግን የሚሸጠው ሰው ይቆም ነበር።

ሁለተኛው ችግር ሙቀት ነው። ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ ከተከፈተ በኋላ እስከ 25 ዲግሪ ለአራት ሳምንት ይቆያል። የድሬ ክፍል በሐምሌ 25 ዲግሪ የሚሆነው በየትኛው ሰዓት እንደሆነ ነዋሪው ያውቃል። የመጀመሪያው ብልቃጥ በጉዞ ላይ ያለ በረዶ አንድ ቀን ሙሉ ውሎ ስለነበር እንዲጣል ተወሰነ፤ ውድ ነበር፣ ውሳኔውም አላስደሰተም። ቀጣዩ በበረዶ ሳጥን መጣ። አሁን ፍሪጅ ውስጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ርቆ፣ በመካከለኛው መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። መብራት ሲጠፋ የፍሪጁ በር አይከፈትም። ኢንሄለሮቹም በባጃጅ ዳሽቦርድ ላይ እንዳይቀሩ ተነግሯል።

አንድ ጥያቄ ሳይፈታ ቀርቷል። የዓይን ግፊቱ በቲሞሎል ላይ እያሉ 27 የቆየው ለምንድን ነው? ሁለቱ ዙር ፕሬድኒሶሎን አስተዋጽኦ አድርጎ ሊሆን ይችላል። ከሆነ ነገሩ ክብ ነበር፦ ጠብታው አስሙን ያስነሳል፣ አስሙ ስቴሮይድ ያስመጣል፣ ስቴሮይዱ ግፊቱን ይይዛል፣ ግፊቱ ጠብታውን ያበዛል። የዓይን ክሊኒኩ ስለ ፕሬድኒሶሎኑ፣ ጤና ጣቢያውም ስለ ጠብታው አልተነገራቸውም ነበር።

ለሌላ ታካሚ የሚያገለግለው

ቬንቶሊን የማይሠራለት፣ ልቡ የማይፈጥን፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ የአስም ታካሚ ሲያጋጥም ቤታ ብሎከር መፈለግ ተገቢ ነው። ሲፈለግ «ምን ትወስዳለህ?» ከማለት «በዓይን፣ በአፍንጫ፣ በቆዳ» እያሉ መጠየቅ ይሻላል፤ «ለራስ ምታት፣ ለእንቅርት፣ ለእጅ መንቀጥቀጥ የተሰጠህ ክኒን አለ?» የሚለውም ፕሮፕራኖሎልን ያወጣል። ፕሮፕራኖሎል ለማይግሬንና ለታይሮይድ ስለሚታዘዝ የልብ መድኃኒት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ በሌላ መንገድ፣ ሉኮትራይን የተባለ የሚያጠብ ኬሚካል እንዲበዛ በማድረግ፣ የተወሰኑ የአስም ታካሚዎችን ይዘጋሉ፤ እነዚህ በሱቅም ስለሚሸጡ በስም ነው መጠየቅ ያለባቸው። ኤናላፕሪል የሚያመጣው ደረቅ ሳል ከአስም ጋር ይምታታል እንጂ ጡንቻውን አያኮማትርም።

ጠብታ ካደረጉ በኋላ ዓይን ጨፍኖ የውስጠኛውን የዓይን ጥግ በጣት ለሁለት ሦስት ደቂቃ መጫን ወደ ደም የሚገባውን በብዙ ይቀንሳል። ለማንኛውም ጠብታ መልካም ልማድ ነው። አስም ላለበት ሰው ቲሞሎልን ፈቃድ ለመስጠት ግን አይበቃም። ሁለት ጠብታ ማድረግም ለዓይን የሚጨምረው ጥቅም የለም፤ ሁለተኛው የመጀመሪያውን አጥቦ ወደ አፍንጫ ያወርደዋል።

የቬንቶሊን ቆርቆሮ 200 ፓፍ ይይዛል። ታካሚው አንዱን በ16 ቀን ጨርሰዋል፤ ይህ ብቻውን ማንቂያ ነበር። በዓመት ሦስት ቆርቆሮና ከዚያ በላይ የሚጨርስ ሰው ለከባድ ጥቃት የተጋለጠ ነው። ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ ጊና እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ቬንቶሊንን ብቻውን ማከሚያ ማድረግን አይመክርም፤ ቬንቶሊን ጡንቻውን ያላላል እንጂ እብጠቱን አይነካም። እብጠቱን የሚያበርደው ቤክሎሜታዞን ነው፣ እሱም በቀናትና በሳምንታት ነው የሚሠራው። ታካሚው ሲሻላቸው ይተዉት የነበረው ይህንኑ ነው።

ታካሚው ከሦስት ወር በኋላ

ፒክ ፍሎ 410፣ የልብ ምት 76፣ የዓይን ግፊት ቀኝ 17፣ ግራ 18። ቬንቶሊን ከሳምንት አንዴ በታች፤ ቤክሎሜታዞን ሳይቋረጥ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ፓፍ፣ ከዚያ በኋላ አፍ መጉመጥመጥ። ካርዳቸው ሽፋን ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ቤታ ብሎከር አይሰጥ፣ ጠብታም ቢሆን» ተጽፏል፤ ግልባጩ በዓይን ክሊኒኩ መዝገብም አለ። ዕጣኑ ወደ ቤት አልተመለሰም፣ ጫቱ ተመልሷል፤ መስኮቱ ግን ክፍት ነው።

የቀረው የብልቃጥ ሂሳብ ነው። 2.5 ሚሊ ሊትር ላታኖፕሮስት 80 ጠብታ ያህል ይወጣዋል፤ በቀን ሁለት ጠብታ ከሆነ ከአራቱ ሳምንት ማለፍ ነበረበት። ጉንጫቸው ላይ የሚፈሰው ሲጨመር ግን በ25ኛው ቀን ያልቅባቸዋል። ስለዚህ ቀጣዩ ብልቃጥ በ20ኛው ቀን ይታዘዛል፤ ማታ ማታም ልጃቸው ናት የምታንጠባጥብላቸው።